ከመሠረተው ችሎት የተባረረው ሰው

ተጠራጣሪው፦ ስለ ሃንስ ኬልሰን በተነሣ ቁጥር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አባት እያልክ ታሞግሰዋለህ። እኔ የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ጎልቶ የሚታየኝ ስደቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 እሱ ራሱ ካቋቋመው ፍርድ ቤት ተሰናበተ። በ1933 ከኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ተባረረ። ፕራግ ላይ ወንበር ቢሰጠው የናዚ ተማሪዎች አላስተምር አሉት፤ በ1938 ያንንም ተወ። በ1940 ጦርነቱ ከጄኔቫ ገፍቶ አትላንቲክን አሻገረው። አሜሪካ ደርሶ በርክሌይ ላይ ያገኘው ቋሚ ቦታም በሕግ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በፖለቲካ ሳይንስ ክፍል ነው ያስተማረው። ሕገ መንግሥትን የሚጠብቅ ተቋም ፈለሰፈ የምትለው ሰው የገዛ ወንበሩን እንኳ ማስጠበቅ አልቻለም። ታዲያ ይህ የድል ታሪክ ነው ወይስ የሽንፈት?

አድናቂው፦ የተባረረባቸውን ዓመታት ብቻ መርጠህ ከደረደርክማ ፍርዱን አስቀድመህ ሰጥተሃል። እስቲ ከሥሩ እንነሣ። በ1881 ፕራግ ውስጥ ከጀርመንኛ ተናጋሪ አይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ቪየና ሄደ። በ1906 በሕግ ዶክተር ሆነ። በ1911 ስለ መንግሥት ሕግ መሠረታዊ ችግሮች የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት አስገኘለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ የጦር ሚኒስትሩ የሕግ አማካሪ ስለነበር የሃብስበርግ መንግሥት ሲፈርስ በቅርብ አይቷል። ያ መንግሥት በቋንቋም፣ በሃይማኖትም፣ በታሪክም የማይገናኙ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። እነዚህን ሁሉ አንድ መንግሥት የሚያሰኛቸው ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደምም ቋንቋም መልስ ሊሆኑት አይችሉም፤ የሚቀረው የጋራ ሕጋቸው ብቻ ነው። መንግሥት ማለት የሕግ ሥርዓቱ ራሱ ነው የሚለው የኬልሰን አቋም የበቀለው ከዚህ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ቻንስለሩ ካርል ሬነር የአዲሲቱን ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ሥራ እንዲያግዝ ሲጠራው ባዶ እጁን አልመጣም። ረቂቁ ጥቅምት 1 ቀን 1920 ጸደቀ። አሜሪካ ውስጥ ከ1803 ጀምሮ ማንኛውም ዳኛ በያዘው ጉዳይ ላይ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ሕግ አልሠራበትም ማለት ይችል ነበር። ኬልሰን ይህን ሥልጣን ከተራ ዳኞች አውጥቶ ለአንድ ልዩ ፍርድ ቤት ሰጠው፤ ያ ፍርድ ቤት የሻረው ሕግ ለሁሉም ሰው ተሻረ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። የበታቹ ሕግ ኃይሉን የሚያገኘው ከበላዩ ሕግ ከሆነና የበላዩን የጣሰውን የሚሽር አካል ከሌለ፣ ሕገ መንግሥት ጥሩ ምኞት ከመሆን አያልፍም።

ተጠራጣሪው፦ በወረቀት ላይ ያምራል። የሚፈተነው ግን ተራ ሰው ጉዳዩን ይዞ ሲመጣ ነው። ያን የጋብቻ ጉዳይ አንሣው እስቲ።

አድናቂው፦ ላነሣው ነበር፤ ከየትኛውም መጽሐፉ ይልቅ ሰውየውን የሚያሳየው እሱ ነው። በ1811 በወጣው የኦስትሪያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ካቶሊክ ባልና ሚስት ተለያይተው መኖር ይፈቀድላቸው ነበር፤ አንደኛው በሕይወት እያለ ሌላው ግን እንደገና ማግባት አይችልም። ሕጉ በዚያው ላይ ባለሥልጣን ከጋብቻ መሰናክል ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት አንቀጽም ነበረው። ከ1919 ጀምሮ የታችኛው ኦስትሪያ ገዥ የነበረው ሶሻል ዴሞክራቱ አልበርት ሴቨር ይህን አንቀጽ ተጠቅሞ ፈቃዱን በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ሰጠ። ሰዎቹ ተጋቡ፤ ወለዱ። ከዚያ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ፈቃዱ ዋጋ የለውም እያሉ ጋብቻዎቹን ማፍረስ ያዙ። ሁለተኛው ትዳር የሰለቸውም ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ጋብቻዬ ሕገ ወጥ ነበር ማለት ቀለለው። አንደኛው የመንግሥት እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ ነጠቀ። በ1927 ጉዳዩ ኬልሰን አባል ወደሆነበት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። እዚህ ላይ ልብ በል፤ ችሎቱ ስለ ጋብቻ ቅድስና አንድ ቃል አልተናገረም። የወሰነው አንድ አስተዳደራዊ አካል የሰጠውን ፈቃድ ተራ ፍርድ ቤት የመሻር ሥልጣን እንደሌለው ነው፤ የሥልጣን ወሰን ጥያቄ ብቻ። የክርስቲያን ሶሻል ፓርቲ ጋዜጦች ግን ኬልሰንን ሁለት ሚስት ማግባትን የሚያስፋፋ ሰው አደረጉት። ትውልዱ እየተነሣም ተሰደበ።

ተጠራጣሪው፦ መጨረሻውን ተውከው። በ1929 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፣ ለዕድሜ ልክ የተሾሙት ዳኞች በሙሉ ተሰናበቱ፣ አዲሶቹን በመሾም ረገድ የመንግሥት እጅ ረዘመ። የማሻሻያው ስም ደግሞ ፍርድ ቤቱን ከፖለቲካ ማላቀቅ ነበር። ዳኛውን በፖለቲካ አባርሮ ስሙን ከፖለቲካ ማላቀቅ ማለት፤ ድፍረቱን እንኳ አደንቃለሁ! ከዚያ ሶሻል ዴሞክራቶቹ በኮታችን ግባ ቢሉት ኬልሰን እምቢ አለና ወደ ኮሎኝ ሄደ።

አድናቂው፦ እምቢታው ይግባህ። በፓርቲ ኮታ መግባት ማለት ዳኝነት የፓርቲ ድርሻ ነው ብሎ መፈረም ነው። ማሻሻያውንም እንየው። እሱን ለማስወገድ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን በይፋ መቀየር፣ ፓርላማ ውስጥ መከራከር፣ ድምፅ መቁጠር ነበረበት። ጥሰቱ በጓዳ ሊያልቅ አልቻለም።

ተጠራጣሪው፦ ከአራት ዓመት በኋላ ግን በጓዳ አለቀ። በመጋቢት 1933 የፓርላማው ሦስት አፈ ጉባኤዎች በአንድ ቀን ሥልጣን ሲለቁ ቻንስለር ዶልፉስ ፓርላማው ራሱን በራሱ አሰናብቷል አለና ከ1917 በተረፈ የጦርነት ጊዜ ሕግ በድንጋጌ መግዛት ጀመረ። ድንጋጌዎቹን ሊሽር የሚችለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ብቻ ነበር። በግንቦት ምን ተደረገ? ለመንግሥት ቅርብ የሆኑ ዳኞች ለቀቁ፤ ክፍት ቦታዎቹ ሳይሞሉ ችሎቱ በወጉ እንዳይሰየም የሚያደርግ ሌላ ድንጋጌ ወጣ። በቃ። ጥይት አልተተኮሰም፤ ፍርድ ቤቱም በሕግ አልፈረሰም፤ ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ሞተ። ጀርመናዊው የሕግ ምሁር ካርል ሽሚት ያለውም ይህንኑ ነው። እንደ እሱ አባባል ችሎት የሚዳኘው ያለቀና የተረጋገጠ ነገርን ነው፤ የመንግሥት ህልውና ሲናጋ ግን የሚያስፈልገው የሚወስን ሰው ነው፤ ስለዚህ የሕገ መንግሥቱ ጠባቂ በሕዝብ የተመረጠው ፕሬዚዳንት መሆን አለበት። ቪየና ላይ የሆነው ሽሚትን ትክክል አያደርገውም?

አድናቂው፦ ሽሚት በ1931 ያን መጽሐፍ ሲያወጣ ኬልሰን በዚያው ዓመት መለሰለት፤ ለእኔ ከጻፋቸው ሁሉ የጠራው ይህ መልስ ነው። ሽሚት ዳኝነትና ፖለቲካ በባሕርይ የተለያዩ ናቸው ይላል። ኬልሰን ደግሞ ሁሉም ፍርድ በውስጡ ምርጫ አለበት፣ ስለዚህ ሁሉም ፍርድ በመጠኑ ፖለቲካ ነው፣ ልዩነቱ የመጠን ነው ይለዋል። ዳኛ መልአክ ነው አላለም። ያለው ሌላ ነው፤ ሕገ መንግሥትን የመጣስ አጋጣሚው የበዛው ሥልጣን በያዘው ሰው እጅ ነው፣ ያንኑ ሰው ጠባቂ ማድረግ ተከራካሪውን በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ማድረግ ነው። ማስረጃውም አልዘገየም። ሐምሌ 20 ቀን 1932 የጀርመን መንግሥት ቻንስለር ፓፐን በፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን፣ በአንቀጽ 48፣ የፕሩሲያን ክልላዊ መንግሥት አስወገደና ሥልጣኑን ያዘ። የፕሩሲያ ሚኒስትሮች ላይፕሲግ በነበረው ችሎት ከሰሱ፤ ሽሚት ለማዕከላዊው መንግሥት ተሟገተ። ችሎቱ ጥቅምት ላይ ለሁለት የከፈለው ብይን ሰጠ፤ አስተዳደሩን ለፓፐን ተወለት፣ ለተባረሩት ሚኒስትሮች ደግሞ በላይኛው ምክር ቤት የመወከል መብታቸውን አስቀረላቸው። ኬልሰን ይህን ብይን ሲተች ጉድለቱ ከሕገ መንግሥቱ የጠባቂ እጦት መሆኑን አሳየ። የሽሚት ጠባቂ የነበረው ሂንደንበርግ ደግሞ ጥር 30 ቀን 1933 ሂትለርን ቻንስለር አድርጎ ሾመ፣ በየካቲት መጨረሻም መሠረታዊ መብቶችን የሚያግደውን ድንጋጌ ፈረመ። በሚያዝያ ኬልሰን ከኮሎኝ ሲባረር የፋኩልቲው ባልደረቦች የድጋፍ ደብዳቤ ፈረሙለት፤ አንድ ሰው ብቻ አልፈረመም፤ ሽሚት። ሽሚት ወደ ኮሎኝ እንዲመጣ፣ ዲን ሆኖ ሳለ ያልተቃወመው ኬልሰን ራሱ ነበር።

ተጠራጣሪው፦ የሽሚት ክፋት ለኬልሰን ማስረጃ አይሆንም፤ መጥፎ ሰውም አንዳንዴ እውነት ይናገራል። ደግሞም እስካሁን የተከራከርነው ስለ ፍርድ ቤቱ ነው፤ ስለ ትምህርቱስ? በ1934 ያወጣው ንጹሕ የሕግ ንድፈ ሐሳብ ሕግን ከሥነ ምግባርም፣ ከፖለቲካም፣ ከሃይማኖትም አጥቦ ለብቻው ያስቀምጣል። የሕግ ሁሉ መነሻ እንደ እውነት ተወስዶ የሚጀመርበት አንድ መሠረታዊ ደንብ ነው ይላል። አብዮት የድሮውን ሥርዓት ጥሎ አዲሱ በተግባር የሚሠራ ከሆነ መሠረታዊው ደንብ ተቀየረ፣ አዲሱ ሥርዓት ሕግ ሆነ ማለት ነው። ይህ ለመፈንቅለ መንግሥት ጠበቃ ሆኖ ቆሟል እኮ! ጥቅምት 7 ቀን 1958 የፓኪስታን ሕገ መንግሥት ተሰርዞ ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ። በዚያው ወር ዋና ዳኛ ሙኒር ኬልሰንን በስሙ ጠቅሶ የተሳካ አብዮት ሕግ ይወልዳል ብሎ ፈረደ። በ1966 ኡጋንዳ ውስጥ ኦቦቴ የ1962ቱን ሕገ መንግሥት ሲጥል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያንኑ ጠቀሰ። ወደ እኛ ስትመጣስ? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 1 የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አገደ፤ አዋጁ ከጀርባው የነበረው ታንክ ብቻ ነው። በኬልሰን ሚዛን ታንኩ ከሠራ አዋጁ ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ያስተማረን ሰው የሕገ መንግሥት ጠባቂ ልበለው?

አድናቂው፦ ከተናገርከው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ኬልሰን ይህ ሥርዓት ሕግ ነው ሲል ማመስገኑ አይደለም፤ ታዘዙት ማለቱም አይደለም። አንድ ትእዛዝ ሕግ መሆኑን አውቆ በኅሊናው አልፈጽምም ለሚል ሰው ንድፈ ሐሳቡ በሩን አይዘጋበትም። እንዲያውም ክፉ ሕግን ሕግ አይደለም ብለህ ካለፍከው፣ ያወጣው፣ የፈረመውና ያስፈጸመው ሁሉ በሕግ ስም የሠራውን እንዳልሠራ ማምለጫ ታበጅለታለህ። የሙኒር ስሕተት የታዛቢውን መግለጫ ወስዶ የዳኛ ትእዛዝ ማድረጉ ነው። ኬልሰን መሥራቱን ከውጭ ሆናችሁ እዩ ያለውን ሙኒር ከወንበሩ ሆኖ እንዲሠራ አገዘው። ያውም ችኮላውን ተመልከት። ብይኑ የተነበበው ጥቅምት 27 ነው፣ አዋጁ ከወጣ ሦስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ። በዚያው ምሽት ጄኔራል አዩብ ኻን አዋጁን ያወጣውን ፕሬዚዳንት ሚርዛን አስወገደ። ጸንቷል ተብሎ የተፈረደለት ሥርዓት መሪ ሌሊቱን በወንበሩ ላይ አላደረም። በ1972 የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአስማ ጂላኒ ጉዳይ ያን ብይን ሽሮ ጄኔራል ያህያ ኻንን ሥልጣን ነጣቂ አለው።

ተጠራጣሪው፦ ያህያ ከወረደ በኋላ!

አድናቂው፦ ከወረደ በኋላ፤ አልክድም። ቢሆንም የሚቀጥለው ጄኔራል የሚያነብበው ፍርድ ተጻፈ።

ተጠራጣሪው፦ የሚቀጥለው ጄኔራል በ1977 መጣ፤ ፍርድ ቤቱም አስገዳጅ ሁኔታ የሚል ሌላ ስም አገኘለት። እንግዲህ ወደ ሌላ እንለፍ። ይህ ሁሉ የአውሮፓና የእስያ ጣጣ ነው፤ እኛን የሚነካን የት ላይ ነው? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አርቃቂዎች የኬልሰንን መንገድ እያወቁ ትተውታል። አንቀጽ 62 እና 83 የመተርጎም ሥልጣኑን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጡ። ሕገ መንግሥቱ የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳንን ደግሞ ቃል ኪዳን የገቡት እንጂ ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች አይተረጉሙትም፤ ክርክራቸው ይህ ነበር። ባለሙያም አልጠፋም፤ አሥራ አንድ አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት እየተመራ ያጠናል፣ ሐሳብ ያቀርባል።

አድናቂው፦ ክርክሩ ክብደት አለው፤ ብዙ ሕዝቦች በአንድ ጣራ ሥር በሚኖሩበት አገር ዳኛው የማን ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ ተራ አይደለም። ነገር ግን 2012 ዓ.ም. ያመጣውን ፈተና እይ። ወረርሽኙ ምርጫውን ሲያራዝመው የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ካለቀ ማን ያስተዳድራል የሚለው ጥያቄ ለትርጉም ቀረበ። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን ሕዝብ በቴሌቪዥን እያየ አከራከረ፤ ይህ መልካም ነበር። ውሳኔውን የሰጠው ግን የገዛ ዘመኑም የጥያቄው አካል የሆነ ምክር ቤት ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለጊዜው ተወው፤ ትክክል ቢሆን እንኳ የተሸነፈው ወገን ተከራካሪው ራሱ ዳኝቶኛል የሚልበትን አፍ የሚዘጋ ነገር አልነበረም። ኬልሰን በ1931 የጻፈው በትክክል ስለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ከእኛ ጋር ሌላም የሚያገናኘው ነገር አለ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አቤት ሲሉ ኬልሰን የዚያችው ከተማ መምህር ነበር። በ1944 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሰላምና ሕግ ባወጣው መጽሐፍ የማኅበሩ ስሕተት የፖለቲካ ምክር ቤትን መሀል ላይ አስቀምጦ ፍርድ ቤትን ዳር ማድረጉ ነው፤ አስገዳጅ ችሎት ይቅደም፣ ጦርነት የሚያስነሡ መሪዎችም በግል ይጠየቁ አለ። የተወረረች አገር ለጉልበተኞች ስብሰባ ከማመልከት ሌላ በር ቢኖራት ይሻላት ነበር አትልም?

ተጠራጣሪው፦ በር ቢኖራትም ብይኑን ሮም ውስጥ ማን ሄዶ ያስፈጽም ነበር? ሁልጊዜ የምትሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። የቀረህን ማስረጃ አውጣው፤ ጀርመንን ልታነሣ እንደሆነ አውቃለሁ።

አድናቂው፦ ኦስትሪያም አለች። በ1945 የተመለሰችው ወደዚያው በ1929 ወደተሻሻለው የ1920 ሕገ መንግሥት ነው፤ ዛሬም በእሱ ትተዳደራለች። ካርልስሩኸ ላይ የጀርመኑ ፍርድ ቤት በ1951 ሥራ ጀመረ፤ ጣሊያን በ1956፣ ስፔን በ1980 ተከተሉ፤ ከ1989 በኋላ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች አንድ በአንድ ይህንኑ መንገድ ያዙ። ኬልሰን በ1973 በርክሌይ ላይ ሲያርፍ ያፈረሱበት ችሎት በሌሎች አገሮችም ተተክሎ ነበር። ፖላንድ ውስጥም በ2015 ሥልጣን የያዘው ፓርቲ እጁን ቀድሞ ያሳረፈው በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ላይ ነው፤ በመጋቢት 2016 የተሰጠበትን ብይን በነጋሪት ጋዜጣ አላትምም እስከማለት ደረሰ። ማንም የማይፈራውን ነገር ለማፍረስ አይቸኩልም።

ተጠራጣሪው፦ ካርልስሩኸ የቆመው ከኬልሰን ስለራቀ ነው። ኬልሰን በ1928 ፍትሕ፣ እኩልነት፣ ነፃነት የሚሉ ሰፋፊ ቃላት ሕገ መንግሥት ውስጥ ከገቡ ፍርድ ቤቱ የፓርላማ ጌታ ይሆናል ብሎ አስጠንቅቋል። ጀርመኖች የሰው ክብርን አንቀጽ አንድ አደረጉት፣ በማሻሻያም የማይነካ አደረጉት። ኬልሰን በ1932 ዴሞክራት የሆነ ሰው ዴሞክራሲን ለማዳን እንኳ ወደ አምባገነንነት አይሂድ፣ ሕዝቡ ካልፈለጋት ትውደቅ ብሎ ጻፈ። ጀርመኖች ግን ዴሞክራሲ ጠላቶቿን ታግዳለች ብለው በ1952 የናዚን ወራሽ ፓርቲ፣ በ1956 ደግሞ የኮሚኒስቱን ፓርቲ አገዱ። ምርጥ የምትለው ልጁ የጸናው የአባቱን ትምህርት ጥሎ ነው።

አድናቂው፦ ቃላቱን ጥሏል፤ እሺ። አጋጁ ማን እንደሆነ ግን እይ። ቻንስለሩ ፓርቲ ማገድ አይችልም፣ ፕሬዚዳንቱም አይችልም፤ ማስረጃ ይዞ ካርልስሩኸ መሄድ ግዴታው ነው። በ2013 የክልሎቹ ምክር ቤት አንድ የቀኝ አክራሪ ፓርቲ ይታገድ ብሎ አመለከተ። ችሎቱ በጥር 2017 ፓርቲው የሕገ መንግሥቱ ጠላት መሆኑን አረጋግጦ፣ ዓላማውን ለማሳካት አቅም ስለሌለው ግን አላግደውም አለ። እንዲህ ያለ ቁጥብነት ከሽሚት ጠባቂ ትጠብቃለህ?

ተጠራጣሪው፦ ደካማ ስለሆነ አላገዱትም። ጠንካራው ሲመጣስ? በሐምሌ 1932 ምርጫ ናዚዎች ከመቶ 37 ድምፅ አግኝተው የጀርመን ትልቁ ፓርቲ ሆኑ። ያንን የትኛው ዳኛ ያግድ ነበር?

አድናቂው፦ በ1932 ጀርመን ውስጥ ማስረጃ ይዘህ ፓርቲ ይታገድልኝ ብለህ የምትሄድበት የሕገ መንግሥት ችሎት አልነበረም። ቢኖርም ይወድቅ ነበር የምትለው ግምትህ ነው፤ የታየ ነገር አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ ኦስትሪያ ውስጥ ግን ነበረ። የሆነውንም አይተናል።